ፍሬው የፈጣሪ ነው፣ ደሞዜ ግን የኔ ነው

ይሄን ገጽ መከታተል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ የናንተን ታሪክ እያነበብኩ አብሬ አለቅስ፣ አብሬ እስቅ ነበር እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ትንሽ ይረዝማልና ስራ ላይ ያላችሁ ማታ አልጋችሁ ላይ ጋደም ስትሉ አንብቡት።

ያስነሳኝ አንድ ቃል ነው፤ "ዕድሌ ነው" የሚለው። እዚህ በየቀኑ አነበዋለሁ። ደሞዝ የተከለከለችው "ዕድሌ ነው" ትላለች። ቤተሰብ ብሯን የበላባት "ፈጣሪ የጻፈልኝ ነው" ትላለች። የምትደበደበውም "ምን ላድርግ፣ ዕድል የለኝም" ብላ ትጽፋለች። አልፈርድባችሁም፣ እኔም ዓመታት ይሄንኑ ስል ነው የኖርኩት። ከዚህ ቃል ያወጣችኝ ግን ሰባኪ አይደለችም፣ የተማረችም አይደለችም። ኩዌት አንድ ቤት አራት ዓመት አብራኝ የሰራች የህንድ ሴት ናት። ሃይማኖቷ ሂንዱ ነው።

አውቃለሁ፣ ይሄን ስታነቡ ግማሻችሁ አማተባችሁ፣ ግማሻችሁ አዑዙ ቢላህ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዛው ነበርኩ። ስለዚህ ቀድሜ ልናገር፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ ማንንም ሃይማኖትሽን ቀይሪ አልልም። የምነግራችሁ ከሷ የሰማሁትን፣ በኑሮዬ ሞክሬ የጠቀመኝን ነው። የማልቀበለውንም አልደብቅም።

እኔ "አካ" ነበር የምላት። በነሱ ቋንቋ በቴሉጉ አካ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ "እትዬ" እንደምንለው። እሷ ደግሞ "ቼሊ" ትለኛለች፣ ታናሽ እህቴ እንደማለት ነው። ሀገሯ አንድራ ፕራዴሽ ይባላል፤ ደቡብ ህንድ ውስጥ ጎዳቫሪ የሚባል ትልቅ ወንዝ ያለበት የሩዝ ሀገር ነው። ከዛ አካባቢ ብዙ ሴቶች ወደ ኩዌት ይመጣሉ። እሷ ምግብ ታበስላለች፣ እኔ ጽዳትና ልጆች እይዛለሁ። የምንግባባው በተሰባበረ አረብኛ ነው። የምናድረውም አንድ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር።

በገባሁበት ቀን ማዳም የላስቲክ ኩባያና ሳህን ለብቻ አድርጋ አሳየችኝ። "ይሄ የናንተ ነው፣ በኛ ዕቃ እንዳትጠጡ" አለች። እንባዬ መጣ። አካ ግን ኩባያውን አንስታ ውሃ ቀዳችልኝና "እኔ ይሄን ኩባያ ከሀገሬ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጠጪ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የሻንጣዋ ክዳን ውስጥ ሁለት ፎቶ ለጥፋለች። አንዱ ዋሽንት የያዘ፣ መልኩ ሰማያዊ የሆነ ወጣት ነው፤ ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው። ሌላው መነጽር ያደረገ፣ ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ ወፈር ያለ ሰውዬ ነው። አባቷ መስሎኝ ነበር። በየቀኑ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ ሻንጣውን ከፍታ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ ታስቀምጣለች። ግቢ ውስጥ የወደቀ አበባ ካገኘች እሱንም ታደርጋለች። ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓላቸው ሲደርስ ሻማ ማብራት ስለማይፈቀድልን የስልኳን መብራት አብርታ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። አቡዳቢ ያላችሁ እህቶች እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተውን ትልቁን የሂንዱ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አይታችሁ ይሆናል። የአካ ቤተ መቅደስ ግን ያቺ ሻንጣ ነበረች።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው። ለእናቴ ደውዬ "ጣዖት ካለበት ክፍል ነው የማድረው" ብዬ አልቅሻለሁ። ከዛ ታምሜ ሶስት ቀን ተኛሁ። ሩዙን እንደ አጥሚት አቅጥና እያጠጣች፣ የኔን ስራ ከሷ ላይ ደርባ እየሰራች ያነሳችኝ አካ ናት። ከዛ በኋላ ፊቴን ከግድግዳው መለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሶስት ዓመት ሙሉ ለቤት መስሪያ እያልኩ ለወንድሜ ብር ስልክ ነበር። "መሰረቱ ወጣ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው" ይለኛል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በቪዲዮ ስትደውልልኝ "እስቲ ቦታውን አሳዪኝ" አልኳት። ሳር ነው። ፍየል ታስራበታለች። የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለሌላው ማስረዳት አይቻልም። እህል አልወርድ አለኝ። ዕቃ ከእጄ ይወድቃል፣ ምንም ያላደረጉኝ ልጆች ላይ እጮሃለሁ። "ለማን ብዬ ነው የምሰራው?" አልኩ። ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ።

ያን ሰሞን አካ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ታሪክ ነገረችኝ። እሷ ማንበብ አትችልም። በመንደራቸው ግን ሀሪካታ የሚባል ወግ አለ፤ አንድ ሰው እየዘፈነ እየተረከ ሌሊቱን ያነጋል። በልጅነቷ አያቷ እያዘለቻት ነው የሰማችው። ታሪኩ ባጋቫድ ጊታ ከሚባለው መጽሐፋቸው ነው። ማሃባራታ በሚባል በጣም ረጅም የጦርነት ታሪክ መሀል ያለ፣ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ ያለው መጽሐፍ ነው።

የአጎትና የአጎት ልጆች በዙፋን ተጣሉ። ኩሩክሼትራ በሚባል ሜዳ ላይ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ቆመ። አርጁና የሚባለው ትልቁ ቀስተኛ ሰረገላውን መሀል ላይ አስቁሞ ወዲያ ማዶ ሲመለከት ያሳደጉትን ሽማግሌ፣ ያስተማረውን መምህር፣ አብሮ ያደጋቸውን ዘመዶቹን ያያል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይደርቃል። ቀስቱን ጥሎ ቁጭ ይላል። ሰረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ነው። መጽሐፉ ባጠቃላይ በዚህ አቅም ባጣ ሰውና በነጂው መሀል የተደረገ ንግግር ነው። የጦርነት ታሪክ ስለሆነ እኔ አልወደድኩትም ነበር። አካ ግን "ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ነው" ትላለች። ጋንዲም እንደዚሁ አድርጎ ነበር የሚረዳው።

እዚህ ላይ አስቆምኳትና "አምላካችሁ ሹፌር ነው እንዴ?" አልኳት። ሳቀች። "አዎ ሹፌር ነው። በአንድ ትልቅ ድግስ ላይ ደግሞ የእንግዶቹን እግር ያጠበው እሱ ነው" አለችኝ። እኔ ጸሎተ ሐሙስ ትዝ አለኝ። እምነታችን የተለያየ ነው፣ አንድ ነው አልልም። ሰው ማገልገል ውርደት አይደለም የሚለውን ግን ሁለታችንም በየቤታችን ሰምተነው ነው ያደግነው። ሽንት ቤት ሳጥብ ራሴን የምንቅበት ነገር ከዛ ቀን ጀምሮ ቀነሰልኝ።

ታዲያ ሹፌሩ ምን አለው? በኔ አማርኛ ስጠቀልለው፣ መስራት የሰው ድርሻ ነው፣ ከስራው የሚመጣው ውጤት ግን በሰው እጅ ብቻ ያለ አይደለም። ልብሽን ውጤቱ ላይ አንጠልጥለሽ አትስሪ። ደግሞም "ውጤቱ በእጄ አይደለም" ብለሽ ቁጭ አትበዪ። አካ በሩዝ አስረዳችኝ። "አባቴ ሩዝ ይተክላል። መትከሉ፣ ማረሙ፣ ውሃ መጥለፉ የሱ ነው። ጎርፍ ቢመጣ ጎርፉ የሱ አይደለም። ጎርፍ ወሰደብኝ ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ካልተከለ ግን ረሃቡ የሱ ነው" አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የወንድሜ ሌብነት በኔ እጅ አልነበረም። በኔ እጅ የነበረው ምንድነው? አንድ ቀን እንኳን ሳላረጋግጥ ሶስት ዓመት መላኬ ነው። እሱን ማስተካከል እችላለሁ። ከዛ ወር ጀምሮ ከ90 ዲናር ደሞዜ ላይ 40ውን በራሴ ስም በተከፈተ ሂሳብ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ለማንም ውክልና አልሰጠሁም። ለእናቴ 30 እልካለሁ። ለወንድሜ አልልክም። ቤቱ ይሰራ አይሰራ እያልኩ ሌሊት መገላበጥ ቀረ። የዛሬዋን ስራዬን በደንብ ሰርቼ እተኛለሁ። ልጆቹን ማቀፍ እንደገና ቻልኩ። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ስሜን እንኳን እንደማያስታውሱ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬ ትኩሳት ሲይዛቸው እጃቸውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ደግሞም በደንብ ነው የምይዘው።

ሌላም ነገር ነግራኛለች፣ ይሄኛው ለሁላችንም ይሆናል። መጽሐፉ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አንድን ነገር ደጋግመሽ ታስቢዋለሽ። ከዛ ልብሽ ይጣበቅበታል። ከዛ ትመኚዋለሽ። ስታጪው ትናደጃለሽ። ንዴት አእምሮሽን ያደፈርሰዋል፣ የምታውቂውን ያስረሳሻል፣ መጨረሻው ገደል ነው። እስቲ ይሄን ከማታው ስልካችን ጋር አያይዙት። አንዷ ቲክቶክ ላይ ወርቋን ስታሳይ ታያለሽ። ማታ ማታ ደጋግመሽ ታያለሽ። "ከኔ በኋላ መጥታ" ትያለሽ። መነጫነጭ ትጀምሪያለሽ። አንድ ደላላ ይደውልና "ፍሪ ቪዛ አለ፣ ደሞዙ እጥፍ ነው" ሲልሽ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን የምትስቂበትን ወሬ አምነሽ ከቤት ትወጫለሽ። ተደብድባ፣ ተርባ ስለምትወጣዋ እህቴ አይደለም የማወራው፣ እሷ ነፍሷን ማዳን አለባት። ስለ ሌሎቻችን ነው። የወደቅነው በሩን የከፈትን ቀን አይደለም፤ ከአንድ ወር በፊት አልጋችን ላይ ሆነን ነው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬን አጠፋለሁ። ጥበብ ለኔ እንደዚህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

እስከዚህ ጥሩ ሄድኩ። ከዛ ግን ትምህርቱን በተሳሳተ መንገድ ያዝኩት። ይሄን ሁሉ የምጽፈውም እሱን ለማስረዳት ነው።

አሰሪዎቻችን ደሞዝ ማዘግየት ጀመሩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያለ አራት ወር ደረሰ። "ባባ ገንዘብ የለውም፣ በሚቀጥለው ወር" ይሉናል። በዛው ሰሞን አዲስ መኪና ግቢ ገባ። እኔ ደግሞ አሁን አዋቂ ሆኛለሁ። "ተይው አካ፣ ፍሬው የኛ አይደለም። ስራችንን እንስራ፤ ካርማችን ነው" አልኳት።

እንደዛ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠችው። "ደሞዝ ፍሬ አይደለም። ደሞዝ ዕዳ ነው። አንቺ ድርሻሽን ሰርተሽ ጨርሰሻል። አሁን መስራት ያለባቸው እነሱ ናቸው" አለችኝ። ማታ ክፍላችን ስንገባ ሻንጣውን ከፍታ ያንን ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አሳየችኝ። አባቷ አይደለም። ዶክተር አምቤድካር ይባላል።

አካ የተወለደችው ህንድ ውስጥ "የማይነኩ" ይሏቸው ከነበሩት ወገን ነው። ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ይላሉ። ሰውዬውም ከዚሁ ወገን እ.ኤ.አ. በ1891 የተወለደ ነው። ተማሪ እያለ ሲጠማው የትምህርት ቤቱን ውሃ በእጁ መንካት አይፈቀድለትም ነበር፤ ሌላ ሰው ካላፈሰሰለት ጠምቶት ይውላል። ያ ልጅ አሜሪካና እንግሊዝ ተምሮ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። በ1927 ማሃድ በምትባል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቹን ይዞ ወደ ህዝቡ የውሃ ኩሬ ሄደና በእጁ ጨልፎ ጠጣ። ያደረጉት ውሃ መጠጣት ብቻ ነው፣ ለሱም ተደበደቡ። ህንድ ነጻ ስትወጣ ህገ መንግስቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው እሱ ነው። በ1950 በጸናው በዚያ ህገ መንግስት አንቀጽ 17 ሰውን "አይነካም" ብሎ ማግለል ተከለከለ።

የመጀመሪያው ቀን ኩባያ ያኔ ገባኝ። የአካ አያት መንደሩ ሻይ ቤት ስትሄድ የሷና የመሰሎቿ ኩባያ ለብቻው ነበር። ከመንደሩ ጉድጓድ መቅዳት አይፈቀድላትም። ቤተ መቅደስም አትገባም። ያንን የሹፌሩን ታሪክ እንኳን አካን አዝላ የሰማችው ከሩቅ፣ ከሰው ጀርባ ቆማ ነው። ለምን ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ አንድ ነበር። "ካርማሽ ነው። ባለፈው ህይወትሽ ክፉ ሰርተሽ ነው እንደዚህ የተወለድሽው።"

አያችሁ እህቶቼ? ይሄ እኮ ያው የኛው "ዕድልሽ ነው" ነው። ቋንቋው ብቻ ነው የተለየው። አንዱ ሌላውን ሲረግጥ "ፈጣሪ ነው ያደረገሽ" ይለዋል። የተረገጠችው ካመነች ደግሞ ጠባቂ አያስፈልጋትም፣ ራሷን በራሷ ትጠብቃለች። እኔም ማንም ሳያስገድደኝ "ካርማችን ነው" ብዬ ለአሰሪዬ ጠበቃ ቆሜለት ነበር። በሃይማኖታቸው የማልቀበለው ይሄንን ነው። ሰው በድህነት የተወለደው በሆነ ጥፋቱ ነው መባሉን አልቀበልም። አካም አትቀበለውም።

"ካርማ ማለት እኮ ዕድል ማለት አይደለም፣ ስራ ማለት ነው፣ ድርጊት ማለት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የቃሉ ፍቺ በጥንቱ ቋንቋቸው ያው ነው። "ታዲያ ዝም ማለትም ካርማ ነው፣ መጠየቅም ካርማ ነው። አንቺ የትኛውን ልትሰሪ ነው?"

አምቤድካር ራሱ በመጨረሻ ከሂንዱነት ወጥቶ በ1956 በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር የቡድሃን እምነት ተቀበለ፣ በዛው ዓመት አረፈ። ይሄን ስትነግረኝ "ታዲያ አንቺ ሁለቱን ፎቶ አንድ ሻንጣ ላይ እንዴት ትለጥፊያለሽ?" አልኳት። "ክሪሽናን የሰጠችኝ አያቴ ናት። ለአያቴ ጉድጓዱን የሰጣት ደግሞ ይሄ ሰውዬ ነው። የትኛውን ልጣል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይሄን ስሰማ "ህንዶች ክፉ ናቸው" ልል ነበር። ከዛ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። ሸክላ የምትሰራ አንዲት ሴት ገበያ ስትሄድ በደጃችን ታልፍ ነበር። ጀበናችንን የሰራችው እሷ ናት። ቡና ሲፈላ ግን ቤት አትገባም። ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ስኒ ነበራት፤ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሱ ትጠጣለች። "ቡዳ ናት" ተብለን ስላደግን እኛ ልጆቹ ስታየን ፊታችንን እንሸፍን ነበር። ስኒዋን አጥቤ ከሌሎቹ ለይቼ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ማዳም የላስቲክ ኩባያ ስትሰጠኝ ያለቀስኩት ሰውዬ፣ ለዛች ሴት አንድ ቀን እንኳን አላለቀስኩላትም። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለናንተ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ደሞዙ ልመለስ። ያልተከፈለንን ወር በደብተር ጻፍኩት፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ማን ምን እንዳለን። ምሳ ሰርተን አቅርበን፣ ዕቃ አጥበን ከጨረስን በኋላ ሁለታችን አብረን ማዳም ፊት ቆምን። አልጮህንም፣ አልተሳደብንም። "ማዳም፣ ስራችንን ሰርተናል፣ የአራት ወር ደሞዛችንን እንፈልጋለን" አልን። ተቆጣች። ሁለት ሳምንት መልስ የለም። ከዛ የቤት ሰራተኛ አቤቱታ ወደሚታይበት ቢሮ እንደምንሄድ ነገርናት።

ኩዌት ያላችሁ ይሄን ያዙ። ሀገሪቱ የቤት ሰራተኛ ህግ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቁጥር 68። በህጉ መሰረት ስራ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን አለ፣ በዓመት ደሞዝ ያለው እረፍት አለ፣ አሰሪ ፓስፖርትሽን መያዝ አይፈቀድለትም፣ ኮንትራትሽን ስትጨርሺም የአገልግሎት ክፍያ አለሽ። እኔ እዛ ሀገር ዓመታት ስኖር ግማሹን አላውቅም ነበር። ህግ ወረቀት ላይ መኖሩና ቤት ውስጥ መድረሱ ሁለት ነገር መሆኑንም አውቃለሁ። ቢሆንም "አውቀዋለሁ" ማለታችን ብቻ የማዳምን ፊት ቀየረው። ባባ ራሱ መጥቶ የሶስት ወሩን ከፈለን። አንዱ ወር ቀረ፣ እስከ ዛሬ አልተከፈለንም። ያቺን 90 ዲናር አልረሳኋትም፣ ጠይቄያታለሁ፣ ግን እንቅልፌን አትወስድብኝም። ልቤን ማላቀቅ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ከጠየቁ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ ሳይጠይቁ የሚተውት ነገር አይደለም።

በር የሚቆለፍባት፣ ስልኳን የተነጠቀች እህት እንዳለች አልረሳሁም። ለሷ "ፊት ለፊት ቁሚ" አልላትም፣ ሊጎዷት ይችላሉ። መጀመሪያ ነፍስሽ። ያለሽበትን ለአንድ ለምታምኚው ሰው አሳውቂ፣ የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢ፣ ያልተከፈለሽን ወር ቁጠሪ። አቅም እስክታገኚ መታገስ አንድ ነገር ነው፣ "ይገባኛል" ብሎ ራስን ማሳመን ሌላ ነው። እኔ የምቃወመው ሁለተኛውን ነው።

እና የኔ አስተያየት ባጭሩ ይሄ ነው። ነገር ሲደርስብን በሶስት እንክፈለው። ስራዬ የቱ ነው? እሱን በሙሉ ልቤ እሰራለሁ። ከኔ እጅ የወጣው የቱ ነው? የወንድሜ ጸባይ፣ የማዳም ፊት፣ ልጆቹ ያስታውሱኝ አያስታውሱኝ። እሱን ለፈጣሪ እሰጣለሁ። ሶስተኛው፣ የኔ የሆነ፣ ሰው የያዘብኝ የቱ ነው? ደሞዜ፣ እረፍቴ፣ ፓስፖርቴ። እሱን እጠይቃለሁ። ችግራችን ሶስተኛውን ከሁለተኛው ጋር እየቀላቀልን ሰው የያዘብንን ሁሉ "የፈጣሪ ነው" ማለታችን ነው። ፈጣሪ ደሞዛችንን አልወሰደም።

"ይሄ ሁሉ በኛ መጽሐፍ የለም ወይ፣ ህንድ ድረስ ምን አስኬደሽ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። የሰራተኛን ደሞዝ ማስቀረት በክርስትናም በእስልምናም ትልቅ ኃጢአት ነው። ግን ሁልጊዜ የሰማሁትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ነው የነቃሁት። ደግሞም ህንድ አልሄድኩም፤ እሷ ናት ከኔ ጋር አንድ ክፍል ያደረችው። ስንቶቻችን ከህንዷ፣ ከኔፓሏ፣ ከስሪላንካዋ ጋር ዓመታት አንድ ክፍል አድረን "ምን ታመልኪያለሽ፣ ምን ያጽናናሻል?" ብለን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ ሁለት ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ በማዞሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አካ ኮንትራቷን ጨርሳ ሀገሯ ገብታለች። አልፎ አልፎ በድምጽ "ቼሊ፣ በላሽ ወይ?" ትለኛለች። እኔ አሁን ሌላ ቤት ነኝ፣ እዚህ ኩባያ አይለይም፣ ተመስገን። ለእረፍት ሀገሬ ስገባ ያቺ ሸክላ ሰሪ በህይወት ካለች ቤት አስገብቼ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ረከቦት ቡና ላጠጣት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናቴ ምን እንደምትል አላውቅም። እሱ በኔ እጅ አይደለም፤ ቡናውን ማፍላት ግን በኔ እጅ ነው።

ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ። ደሞዝ የተያዘባችሁ እህቶች ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ወራቱን ጻፉ። ሁላችንንም በጤና ለሀገራችን ያብቃን። ከስደት እህታችሁ።